የሦስት ጣት ባሩድ

አባቴ ጠመንጃ የሚያጎርሰው እንግዳ በሚያጎርስበት እጁ ነው። እንግዳው «ኧረ በቃኝ» ብሎ ወደ ኋላ ሲል «በሞቴ!» እያለ ከፊተኛው የሚበልጥ የሚጠቀልል ሰው ነው። እጁን ይዛ «ተወው፣ ይበቃዋል» የምትለው እናቴ ብቻ ነበረች። ቤታችን ያለው የአደን ጠመንጃ ደግሞ በአፈሙዙ በኩል የሚጎርስ የድሮ ዓይነት ነው፤ ባሩዱ በአፉ ይፈስሳል፣ እርሳሱ በላዩ ይገባል፣ በረዥም ዘንግ እስከ ታች ይጎሰጎሳል። አባዬ ባሩዱን እየጨመረ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላል፦ «ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው!» ከዚያ ይተኩስና ይስታል።

ይስታል ማለቴን ቢሰማ ይቆጣል። ሌላ ሰው ስለ እሱ እንዲህ ቢል ደግሞ እኔ እቆጣለሁ። ቁጣውንም ኩራቱንም የወረስኩት ከእሱ ነው፣ በሁለቱም አላፍርም። ግን ይህን የምጽፈው ያ ጠመንጃ መሳቱን እንዴት እንደተወ ለመናገር ስለሆነ፣ ይስት እንደነበር ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

አባዬ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የአደን መሪ ነበር። ፈቃድ ይዘው ከውጭ የሚመጡ አዳኞችን እየመራ ደጋውንም ቆላውንም ዞሯል። ኮቴ አይቶ የእንስሳውን ዕድሜ ይናገራል፣ ብዙ ጊዜም ልክ ነው። ጠመንጃውን የሰጠው አንድ ሽማግሌ ደንበኛው ነበር። ሰውየው ጉልበቱ ሲከዳው «ከእንግዲህ ላንተ ይሁን» ብሎ፣ በሕጉ አስመዝግቦ፣ ከነሳጥኑ አስረከበው። አንዴ ከተተኮሰ በኋላ እንደገና ለማጉረስ ጊዜ ስለሚፈጅ፣ እንስሳው ፊት የሚገኘው ዕድል አንድ ብቻ ነው። አባዬ የወደደውም ለዚህ ነው። «ብዙ ጥይት የያዘ ሰው አያነጣጥርም፣ ይረጫል» ይላል።

እኔ የምሠራው የአደን ጉዞ በሚያዘጋጅ ቢሮ ውስጥ ነው። የእንግዶቹን የመሣሪያ ፈቃድ አስጨርሳለሁ፤ ወደ ጫካ ከመውጣታቸው በፊትም ጠመንጃቸው ያነጣጠሩበትን መምታቱን ሜዳ ላይ አብሬያቸው ቆሜ አያለሁ። ብዙ ወንዶች መጀመሪያ ሲያዩኝ ሻይ ላመጣላቸው የመጣሁ ይመስላቸዋል። ሲተኩሱና ለምን እንደሳቱ ስነግራቸው ይገባቸዋል። መኖሪያዬ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። አባዬ ግን ቀበና፣ ወንዙ ዳር ካለው የድሮ ቤታችን አይነቀልም።

በዚያ ጠመንጃ አንድ ክፉ ቀን አሳልፏል። ከዓመታት በፊት አንድ ወንድ ድኩላ ተኮሰና ሆዱ ላይ መታው። ከአደን ጓደኛው ጋር የደሙን ዱካ ይዘው ሲከተሉ ዋሉ፣ አደሩ። በማግስቱ ዝናብ ዘነበና ደሙን አጠበው። ድኩላውን ሳያገኙት ቀሩ። አባዬ ቤት ሲገባ ጠመንጃውን ወልውሎ ግድግዳ ላይ ሰቀለና ከዚያ በኋላ አላወረደውም። ጓደኛው፣ እኔ ጋሼ የምላቸው፣ እንጦጦ ላይ ድንችና ገብስ የሚያመርቱ ሰው ናቸው። በዓለም ላይ ባለ ነገር ሁሉ ይቀልዳሉ። በዚያ ድኩላ ግን ቀልደው አያውቁም።

ያለፈው መስቀል ካለፈ በኋላ አባዬ ደወለና «ነይ፣ እፈልግሻለሁ» አለኝ። ስደርስ ጠመንጃው ከግድግዳው ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል።

«የዓይን ሐኪሙ ግራውን አይቶ መጋረጃ ወርዶበታል አለ፤ ቀኙም እየተከተለው ነው። ዕድሜህ ገፍቷል፣ ቀዶ ጥገናው ያድነዋል ብዬ ቃል አልገባልህም ብሎኛል። ስለዚህ ቀኝ ዓይኔ ሳይመሽበት አንድ ድኩላ እተኩሳለሁ። በዚሁ ጠመንጃ፣ አንዴ ብቻ። ሳይሰቃይ፣ ከቆመበት የሚወድቅ። ያኛውን የምክሰው በዚህ ነው። ከዚያ በኋላ እሱም ይሰቀል፣ እኔም ልረፍ።»

«ባይወድቅስ?»

«ለዚህ እኮ ነው የጠራሁሽ» አለ።

ከከሰል ማንደጃው አንድ ቁራጭ ከሰል አንስቶ፣ መዳፉን ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግቶ ዙሪያውን አሰመረ። ከነጣቶቹ ወረቀቱን ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ከዚያ ሕጉን ነገረኝ። ድኩላ ከሚተኮስበት ርቀት ላይ ሦስት ጥይት ተከታትሎ በዚህ መዳፍ ውስጥ ካልገባ አይሄድም። ጣቶቹ ላይ ያረፈ አይቆጠርም። ፈቃዱን እኔ በቢሮዬ በኩል አስወጣሁለት፤ ጉዞው ከገና በኋላ ሆነ። እስከዚያ ድረስ ጠመንጃውን ከዒላማው ጋር ማስታረቅ የእኔ ሥራ ነው። ይህን አደራ ለእኔ መስጠቱ ደስ አለኝ፤ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ መኪና ውስጥ ብቻዬን ስቄያለሁ።

የምንተኩስበት ሜዳ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከጋሼ እርሻ አጠገብ ያለ ፈቃድ ያለው ቦታ ነው። በአሮጌ መኪናዬ ከቀበና ሽቅብ ወጣን። ፓርኩ በር ላይ ፎቶ የሚነሱት ወጣቶች መንገዱን ዘግተው ስለነበር አባዬ መስኮቱን አውርዶ «ልጆች፣ ተራራው አይሄድም፣ ቀስ ብላችሁ ታነሡታላችሁ» አላቸው። ሳቁና አሳለፉን።

የመጀመሪያው ቀን ውርደት ነበር። ሽማግሌው ደንበኛ ከጠመንጃው ጋር ረጃጅም፣ ከባድ፣ ጫፋቸው የሾለ የእርሳስ ጥይቶች ትቶለት ነበር። አባዬ እነሱን በጣም ይወዳቸዋል። አንዱን አንስቶ በእጁ እየመዘነ «ጥይት ማለት እንዲህ ነው! ይህን የሚያህል ነገር መጥቶበት የማይወድቅ ማነው?» ይላል። ባሩዱን ከሚያኖርበት ቀንድ ወደ መዳፉ፣ ከመዳፉ ወደ አፈሙዙ አፈሰሰ። የነሐስ ስፍር ይዤለት ነበር። «ስፍር ለነጋዴ ነው» ብሎ መለሰልኝ።

የእሱ መለኪያ ጣቱ ነው። አፈሙዙ ባዶ ሲሆን የመጎስጎሻው ዘንግ እስከ ታች ወርዶ ከአፉ እኩል ይሆናል። ሲጎርስ ግን ባሩዱና እርሳሱ በያዙት ቦታ ልክ ዘንጉ ከአፉ በላይ ከፍ ብሎ ይቀራል። አባዬ ያንን ከፍታ ጣቶቹን አጋድሞ ይለካዋል፤ ሦስት ጣት ከሞላ ጠግቧል፣ ካልሞላ ርቦታል። አደን ያስተማሩት ሰዎች እንዲህ ነበር የሚለኩት፣ እሱም ሌላ አይሰማም። ዘንጉ ላይ በቢላ ምልክት እናድርግ ስለው «ጣት እያለ ዘንግ ይቆረጣል?» አለኝ።

ተኮሰ። ሰደፉ ትከሻውን ገፍቶ ወደ ኋላ አንገዳገደው፣ ጭሱ ሜዳውን ሸፈነው። ጭሱ ሲገለጥ ወረቀቱ ምንም አልሆነም። ሁለተኛው ከባሕር ዛፍ ላይ ቅርፊት አነሳ። ሦስተኛው የወረቀቱን ጥግ አገኘው።

ጋሼ በዱላቸው ተደግፈው «እኔ ከነገ ጀምሮ ድንቼን የምተክለው ከወረቀቱ ጀርባ ነው፤ እዚያ የሚደርስ ነገር የለም» አሉ።

«ርቦት ነው» አለ አባዬ። ለአራተኛው ባሩድ ጨመረ። አራተኛው የት እንደገባ እስከ ዛሬ አናውቅም። ማታ ትከሻው ጠቁሮ አየሁት።

እኔ ግን ወረቀቱን ይዤ ነበር የወረድኩት። ጥጉ ላይ ያለው ቀዳዳ ክብ አልነበረም፤ ረዝሞ፣ የጥይቱን ቁመት የሚያህል ነበር። ጥይቱ በጫፉ ሳይሆን በጎኑ ተጋድሞ ነው የገባው ማለት ነው። ለምን እንደሆነ ጠርጥሬ፣ በማግስቱ ቀበና ሄጄ ዘይት የነካ ጨርቅ ዘንጉ ጫፍ ላይ አጥብቄ አሰርኩና ወደ አፈሙዙ ገፋሁት። አፈሙዙ ውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ ተቀርጿል፤ ጥይቱን እያሾረ የሚያወጣው እሱ ነው። ጨርቁ ቦዩን ተከትሎ ሲወርድ ዘንጉም አብሮ ይዞራል። እስከ ታች እስኪደርስ ድረስ ግማሽ ዙር እንኳ በቅጡ አልሞላም።

«አየህ?» አልኩት። «ረዥም ጥይት በደንብ ካልሾረ እንደ እንዝርት ተንገዳግዶ ይወድቃል። ይህ አፈሙዝ የተሠራው ለድቡልቡል እርሳስ ነው። ድቡልቡል ትንሽ መሾር ይበቃዋል።»

«ድቡልቡልማ የልጆች ብይ ነው። ድኩላ በብይ ልምታ?»

«ረዥሙን ወድደህ ትስታለህ ወይስ በናቅኸው ብይ ትመታለህ?»

ከዚያ ተነስቶ የስጦታውን ሳጥን ከፈተና ከታች፣ ከጨርቅ ሥር፣ የድቡልቡል እርሳስ መቅረጫውን አወጣ። እዚያ እንዳለ ያውቅ ነበር። ስንት ዓመት ንቆት እንደኖረ አልጠየቅኩትም።

እርሳሱን ለማግኘት እሱ መገናኛ ካለ ጎሚስታ የጎማ ማመጣጠኛ እርሳስ ይዞ መጣ፣ ጥሩ ነገር ያገኘ መስሎት ደስ ብሎታል። በጥፍሬ ጫርኩት፤ ጥፍሬ ተንሸራተተ። ጠንካራ እርሳስ ሲቀዘቅዝ በደንብ አይኮማተርም፣ ከለስላሳው ወፈር ብሎ ይወጣል፣ አፈሙዙ ውስጥ ሲጎሰጎስ ይታገላል። እኔ ከቆራሌው ዘንድ ወንዝ ዳር ያሉ ቤቶች ሲፈርሱ የወጣ አሮጌ የእርሳስ ቧንቧ አገኘሁ። ያኛው ጥፍር ይይዛል። ግቢው ውስጥ፣ ነፋሱን ከጀርባችን አድርገን፣ አቅልጠን ቀረጽነው። የወጡትን ፍሬዎች ሰፊ ትሪ ዘንበል አድርጌ አንድ በአንድ አንከባለልኳቸው። ውስጡ አየር የቀረበት መንገዱን ስቶ ወደ ጎን ይሄዳል። እነዚያን እንደ ምስር ጠጠር ለቅሜ አወጣሁ። አባዬ የጣልኳቸውን እያነሳ «ይኼ ደግሞ ምን አጠፋ?» እያለ ኪሱ ይከታል። እንግዳ ከቤቱ ተባሮበት አያውቅም፣ እርሳስም እንዲባረርበት አይፈልግም።

ድቡልቡሏ እርሳስ ብቻዋን አትገባም፤ ቅባት በጠጣ ቁራጭ ጨርቅ ታቅፋ ነው የምትወርደው። ቦዩን አጥብቆ የሚይዝላት ጨርቁ ነው። አባዬ የድሮ ሸሚዙን ሊቀድልኝ ነበር። ክሩን መዝዤ በክብሪት ነካሁት፤ እንደ ፕላስቲክ ቀልጦ ተንጠባጠበ። አቡጀዲ ገዛሁ፤ የእሱ ክር አመድ ሆነ። ቅባቱን ከሰምና ከበግ ሞራ ነው የማዘጋጀው። ሰሙን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጧፍ ከምትሸጥ ሴት አገኘሁ። ሞራውን ግን ማቅለጥ ነበረብኝ፤ ያቀለጥኩትም የካ አባዶ፣ ኩሽናዬ ውስጥ፣ በገና ጾም፣ ያውም ዓርብ ቀን ነው።

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቴ ናት፣ ነጠላዋን አጣፍታ ከቅዳሴ የተመለሰች።

«እቱ፣ ይቅርታ፣ ሽታው እኛ ቤት ድረስ መጣ። በጾም ሞራ ነው እንዴ የምታቀልጪው?»

«ለመብል አይደለም።»

«ታዲያ ለምንድነው?»

«ለጠመንጃ ነው» አልኳት።

አማተበችና ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከዚያ ቀን ወዲህ ደረጃው ላይ ስንገናኝ ሁልጊዜ ቀድማ ሰላም የምትለኝ እሷ ናት።

ለሁለተኛ ጊዜ ስንወጣ ጠዋቱ ብርድ ነበር፣ የጋሼ ገብስ ላይ ውርጭ ወርዷል። ድቡልቡሎቹ ወረቀቱን አገኙት። አንዱ የከሰሉን አውራ ጣት ነካ፣ ሌላው ከትንሿ ጣት ማዶ አረፈ፣ ሦስተኛው ከአንጓው በታች ወረደ። መዳፉ ውስጥ አንድም የለም። ግን ካለፈው ጋር ሲተያይ ሰርግ ነው፤ ጋሼ እንኳ ስለ ድንቻቸው ዝም አሉ።

እኔ ወደ ወረቀቱ አልሄድኩም። ከአፈሙዙ ፊት፣ ሣሩ ላይ፣ የተረፉትን ጨርቆች ለቀምኩ። ጨርቁ ከእርሳሱ ጋር ይወጣና ጥቂት ርቆ ይወድቃል፤ የጠመንጃውን ነገር የሚናገረው እሱ ነው። ሦስቱም መሐላቸው ተቃጥሎ ተበስቷል። ባሩዱ በዝቶ ጨርቁን እየበላው፣ እርሳሷ ያለ ያዥ ነው የምትወጣው።

«አባዬ፣ ባሩዱ በዝቷል። ቀንስ።»

«ልቀንስ? እንዲያውም ትንሽ የጎደለው ይመስለኛል።»

«ጨርቁን እየው፣ ተቃጥሏል።»

«ባሩድ ያቃጥላላ! ምን እንዲያደርግ ነበር የፈለግሽው?» አለና ለጋሼ ዞሮ «ይህች ልጅ ከመቼ ወዲህ ስስታም ሆነች? በቤታችን ማንም በልቶ ሳይጠግብ አልወጣም!» አለ።

በዚህ ጊዜ ተናደድኩ። እሱ አዲስ ወረቀት ሊሰቅል ወደ ዒላማው ሲሄድ ባዶውን ጠመንጃ ይዤ ቀረሁ። ከሩቅ ሆኖ «እስክመለስ ባሩዱንና እርሳሱን አስገቢ፤ ቆቡን እኔ አደርጋለሁ፤ ሦስት ጣት!» ብሎ ጮኸ። ቆብ የሚለው መዶሻው ሲመታው እሳት የሚሰጠውን ትንሽ መዳብ ነው፤ እሱ ካልተደረገ ጠመንጃው አይተኩስም። አፈሙዙን ወደ ሰማይ አድርጌ ጠበቅኩ፤ እሱ ተመልሶ ከጋሼ ጎን ሲቆም ማጉረስ ጀመርኩ።

የእኔ ጣቶች የእናቴ ናቸው፤ ቀጫጭን። የአባዬ ሁለቱ ጣቶች የእኔን ሦስት ያህላሉ ብል ብዙም አላጋነንኩም። ሦስት ጣት አለ፣ ሦስት ጣት አደርግለታለሁ ብዬ በራሴ ጣት ለካሁ። ዘንጉን አጋድሜ ሳይሆን ቀጥ አድርጌ፣ ሳልጭን ሳልለቅ፣ ሦስት ጣቴ ከአፈሙዙ አፍ እስከ ዘንጉ ጫፍ እኩል እስኪሆን ድረስ። አልዋሸሁም። የማን ጣት እንደሆነ አልጠየቀኝም።

ቆቡን አድርጎ ተኮሰ። ድምፁ ተለየ፤ ካለፈው ጩኸት የቀለለ፣ የተቆረጠ ድምፅ ነበር። ትከሻው አልተንገዳገደም። ጋሼ በአሮጌው የርቀት መነጽራቸው አይተው «መዳፍ!» አሉ።

«ዕድል ነው» አለ አባዬ፣ ግን ፊቱ ፈክቷል። አፈሙዙን በጨርቅ ጠርጌ እንደገና አጎረስኩ። «መዳፍ!» ሦስተኛውን ተኮሰ። ጋሼ መነጽሩን አወረዱ፣ ዱላቸውን ትተው ወደ ወረቀቱ ሄዱና ይዘውት መጡ። ሦስቱ ቀዳዳዎች በመዳፉ መሐል፣ አንዱ ከሌላው ሊነካካ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

አባዬ ወረቀቱን ለሰማይ የሚያሳይ ይመስል ከፍ አደረገው። «አየሽ? አየሽ ሦስት ጣት ማለት ምን እንደሆነ? አባቶቻችን ዝም ብለው አልለኩም! ቀንስ ትለኛለች ደግሞ!»

እውነቱን ለመናገር ደስታው እንዲቆይለት ፈልጌ ነበር። ግን እዚያው ልተወው አልቻልኩም፤ ጫካ ውስጥ በራሱ ጣት ካጎረሰ ያ ድኩላ እንደገና ሊመጣ ነው።

«እስቲ አሁን ራስህ አጉርሰህ ሦስት ድገም» አልኩት።

ራሱ አጎረሰ፣ በራሱ ጣት። የመጀመሪያው ከመዳፉ ውጭ ሆነ። ሁለተኛው ከወረቀቱ ውጭ ሆነ። ሦስተኛውን አልተኮሰም። ጠመንጃውን ይዞ ቆመ፣ ፊቱ ላይ የማላውቀው ነገር መጣ። እኔ ሣሩ ላይ ሄጄ ጨርቆቹን ለቀምኩና ፊቱ መሬት ላይ በሁለት ረድፍ ደረደርኳቸው። በአንዱ በኩል የእሱ፣ ተበስተው ጠቁረው። በሌላው በኩል የእኔ ሦስቱ፣ መሐላቸው ከመጠቆር በቀር አንድ ክር እንኳ ሳይጎድላቸው።

አባዬ ዱካ አንባቢ ነው፤ ከዚህ በላይ መናገር አያስፈልገውም። ጎንበስ ብሎ ጨርቆቹን አንድ በአንድ አገላብጦ አየ። ከዚያ እጄን ያዘና ሦስት ጣቴን ከሦስት ጣቱ ጎን አስተኛቸው።

«የእናትሽ እጅ ነው» አለ።

ቁልቁል ስንወርድ ፓርኩ በር ላይ ያሉትን ልጆች ምንም አላላቸውም። ሕጉ ተፈጽሟል፣ ሦስቱ መዳፉ ውስጥ ገብተዋል፤ ነገር ግን የገቡት በማን መለኪያ እንደሆነ አውቋል። እኔን ያስጨነቀኝም ይኸው ነበር። አባቴ እልኸኛ ነው። ዕድሜውን በሙሉ በራሱ እጅ የለካ ሰው፣ በመጨረሻዋ ጥይቱ የሌላ ሰው መለኪያ ይቀበላል ወይ? ገና እስኪያልፍ ድረስ ስለ ጠመንጃው አንድም ቃል አልተናገረም። እኔም እንደ እሱ እልኸኛ ነኝና አልጠየቅኩም።

ከገና በኋላ ተጓዝን። ቦታው ከአዲስ አበባ ርቆ ያለ፣ አደን በፈቃድ የሚፈቀድበት ደጋ ነው። እኔ፣ አባዬ፣ ጋሼ፣ የአካባቢው የዱር እንስሳት ጠባቂም ከኋላችን። ጠዋት ጫካው ጫፍ ላይ ደረስን። አባዬ ቆመና ባሩዱን ከቀንዱ ወደ መዳፉ አፈሰሰ። አየሁት፤ ከመዳፉ ላይ ጥቂት መልሶ ወደ ቀንዱ ከተተ። ሲመልስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አጎረሰ፣ እርሳሷን በጨርቋ አቅፎ አስገባ፣ ጎሰጎሰ። ዘንጉ ከአፈሙዙ በላይ ከፍ ብሎ ቀረ።

ጋሼ ከልማዳቸው ሦስት ጣታቸውን ሊያስጠጉ እጃቸውን ዘረጉ። አባዬ እጃቸውን ቀስ ብሎ ገፋው።

«ተው፣ ያንተም ወፍራም ነው» አለ። ወደ እኔ ዞረ። «ነይ፣ ጣትሽን።»

ጣቶቼን አስጠጋሁ። ልክ እኩል ነበር። በዓይኑ ገምቶ፣ ያለ ስፍር፣ በእኔ ጣት ልክ አፍስሶታል። ስንት ሌሊት ስለ እነዚህ ጣቶች ሲያስብ እንዳደረ እግዜር ይወቅ። ልክ መሆኑን ራሴን ነቅንቄ ነገርኩት።

ድኩላው የወጣው ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ ነው። ያረጀ ወንድ፣ አንገቱ ላይ ፀጉሩ የሳሳ፣ ጎኑን ሰጥቶን ቆሞ ቅጠል ይበላል። አባዬ አንድ ግንድ ላይ ተደግፎ አነጣጠረ። ተኮሰ። ጭሱ ሁሉን ነገር ሸፈነ፣ እኛም ዱካ የምንሰማ ይመስል ጆሯችንን አቅንተን ቆምን። የሚሮጥ ነገር አልነበረም። ጭሱ ሲገለጥ ድኩላው ቅጠሉን ሲበላበት ከነበረው ቁጥቋጦ ሥር ተኝቷል።

ጋሼ ቀድመው ደረሱ። ዓይኑን በሣር ነካክተው አረጋገጡና ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ያኛውም ዛሬ አረፈ» አሉ።

አባዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ያለቀስኩት ግን ከኩራት ነው። በአባቴ ኮርቻለሁ፣ በራሴም ኮርቻለሁ፤ ያን ቀን አንዱን ከሌላው መለየት አልቻልኩም።

ቀበና ስንመለስ ጠመንጃውን በፈላ ውሃ አጥቦ፣ ወልውሎ፣ ዘይት ቀባው። ግድግዳው ላይ ሊሰቅለው ነው ብዬ ስጠብቅ መጎስጎሻውን ዘንግ ለብቻው አወጣና የኪሱን ቢላ ከፈተ። በባሩድ ፈንታ በዚያው መጠን የተሰፈረ አሸዋ፣ በላዩም ድቡልቡሏን በጨርቋ አስገብቶ ዘንጉን አወረደ።

«ነይ፣ ጣትሽን» አለኝ እንደገና።

ሦስት ጣቴን ከዘንጉ ጫፍ ጀምሬ ወደ ታች ደረደርኩ። እሱ ቢላውን ከታችኛዋ ጣቴ ሥር፣ አፈሙዙ አፍ ላይ አስጠግቶ፣ ጣቴን እንዳይነካ እየተጠነቀቀ፣ ዘንጉን ዙሪያውን ቀረጸው።

«ጣት እያለ ዘንግ ይቆረጣል እንዴ?» አልኩት።

«ነገ ቀኙም ሲመሽብኝ ላየው አልችልም» አለ። አሸዋውን ደፍቶ፣ ዘንጉን ጠርጎ፣ ጭኑ ላይ አጋደመው። ሁለቱንም ዓይኖቹን ጨፈነና ያንን ወፍራም አውራ ጣቱን ከዘንጉ ጫፍ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ታች አሸው። ምልክቱ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይኸው» አለ፣ «ልጄ እዚህ ጋ ናት።»